ከሐይቅ ከተማ አለፍ ብሎ፦ በታኅሣሥ ብርድ የተፈተኑ የወንዝ ዳር ጎጆዎች

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደውን አስፋልት ይዞ የሐይቅን ከተማ ያለፈ መንገደኛ፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥላ ወደ ሸለቆው በምትወርድ የጠጠር መንገድ ጥቂት ከተጓዘ፣ ወደ ሚሌ ከሚገቡት ወንዞች በአንዱ ዳር የተሠሩ ጎጆዎችን ያገኛል። ሚሌ ከተሁለደሬ ከፍታዎች ተነሥቶ በመጀመሪያ ወደ ሰሜን ከፈሰሰ በኋላ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ፣ የአፋርን ቆላ አቋርጦ ከአዋሽ ጋር የሚቀላቀል ወንዝ ነው። ጎጆዎቹ ያሉበት ገባር ግን ገና በወይና ደጋው ውስጥ በድንጋይ መካከል የሚንደረደር፣ በበጋ ቀሚስን ሰብሰብ አድርገው የሚሻገሩት ትንሽ ወንዝ ነው። ማረፊያው እስካሁን ታፔላ አልሰቀለም፤ የሐይቅ ባጃጅ ሹፌሮች «ወንዝ ዳር ያሉት ጎጆዎች» ሲባል ያውቁታል።

ባለቤቶቹ የአካባቢው ተወላጅ የሆኑ ባልና ሚስት ሲሆኑ፣ ከዘበኛው በቀር በወጥ ቤትም ሆነ በመስተንግዶ የሚያገለግሉት አብዛኞቹ የቤተሰቡ አባላት ናቸው። ይህ ለቤቱ ጸጋም ጉድለትም ሆኖበታል፤ እንግዳን በሙሉ ልብ ይቀበላሉ፣ ነገር ግን ዘመድ በይሉኝታ የሚያልፈውን፣ ገንዘብ የከፈለ እንግዳ ግን የመጠየቅ መብት ያለውን ነገር ገና አላሰቡበትም። እኔና ደሴ የምትኖረው የልጅነት ጓደኛዬ ቅዳሜና እሁድን ያሳለፍንበት በታኅሣሥ ወር በመሆኑ፣ የምጽፈው በዋነኛነት ቤቱ እንግዳውን ከብርድ እንዴት እንደሚያስጠልል ነው። በዚህ ወቅት ወንዝ ዳር ለማደር የወሰነ ሰው ከዕይታውም ከምግቡም አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ይህንኑ ነውና።

ወቅቱ በራሱ ትክክለኛ ምርጫ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ወንዙ ደፍርሶና ሞልቶ ድንጋይ እያንከባለለ ስለሚወርድ ዳሩ የሚቀመጡበት አይሆንም፤ የጠጠር መንገዱም ጭቃ ስለሚሆን ባጃጅ አይደፍረውም። ከኅዳር ወዲህ ግን ውኃው ጠርቶ ከሥሩ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል፣ በየማሳው የታጨደው ማሽላና ጤፍ ወደ አውድማ ይጋዛል፣ ቀኑም ሞቅ ያለና ደረቅ ይሆናል። ችግሩ ሌሊቱ ነው። ደመና በሌለበት ሰማይ ሥር መሬት ቀን የሰበሰበችው ሙቀት ፀሐይ ከገባች በኋላ ቶሎ ይበተናል፤ የቀዘቀዘው አየር ደግሞ ከሞቃቱ ስለሚከብድ ከየተረተሩ እየወረደ ሸለቆው ወለል ላይ ይጠራቀማል። ስለዚህ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ውኃው ጠርዝ ላይ ያለ ጎጆ፣ ጥቂት ከፍ ብሎ ተዳፋቱ ላይ ካለው ይልቅ ይበርዳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የደሴ ሰው ሐይቅን እንደ ቆላ ይቆጥረዋል፤ «ወደ ሙቀቱ ወረድን» ብሎም ስስ ሹራብ ይዞ ይመጣል። ቀን ላይ እውነቱን ነው፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግን አይደለም። ፀሐይም ወደ ሸለቆው የምትደርሰው የምሥራቁን ተረተር ተሻግራ ስለሆነ፣ ጠዋት ላይ ሜዳው ከሞቀ በኋላ እንኳ ወንዙ ዳር ጥላ ውስጥ ይቆያል።

ቤቱ ሁለት ዓይነት ማደሪያ አለው። የቀደሙት በአካባቢው ደንብ በድንጋይና በጭቃ የተገነቡ፣ ክብ፣ ሣር ክዳን ጎጆዎች ሲሆኑ ከወንዙ ራቅ ብለው ተዳፋቱ ላይ ይገኛሉ። አዲሶቹ የባሕር ዛፍ ጣውላ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳንና ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ መስታወት ያላቸው ሲሆኑ፣ የተሠሩት እዚያው ውኃው አፍ ላይ ነው። ቦታ ለመያዝ ለሚደውል ሰው በስልክ የሚላኩት ፎቶግራፎች የአዲሶቹ ናቸው፤ ዋጋቸውም ከድንጋዮቹ በብዙ ይበልጣል። ውበታቸውን አልክድም። መጋረጃው ተገልጦ፣ አልጋ ላይ ጋደም ብሎ ወንዙን፣ ማዶ ያለውን ትልቅ ሾላና በሾላው ሥር ልብስ የሚያጥቡትን ሴቶች ማየት ደስ ያሰኛል፤ ጓደኛዬም ሻንጣዋን ሳታወርድ ፎቶ ማንሣት ጀምራ ነበር።

ዓርብ ማታ ያደርነው በዚሁ በአዲሱ ጎጆ ነው። ቆርቆሮው ቀን ያገኘውን ሙቀት ፀሐይ ከገባች ብዙም ሳይቆይ ጨረሰ። ጣውላው እርጥብ ሳለ ተመትቶ ኋላ በመድረቁ፣ በየመጋጠሚያው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ፈጥሯል፤ ነፋሱ በዚያ እየገባ መጋረጃውን ሲያወዛውዘው አደረ። መስታወቱ ከትንፋሻችን እርጥበት የተነሣ ከውስጥ በኩል አልቦ፣ ሊነጋ ሲል ጠብታው እየወረደ ደፉ ላይ ተጠራቀመና እዚያ ተቀምጦ የነበረውን የጓደኛዬን ሻሽ አርሶት ተገኘ። መኝታው ንጹሕ አንሶላ የተነጠፈበት ደኅና ፍራሽ ነው፤ ብርድ ልብሱ ግን ስስ የፋብሪካ ሥራ ነው። ተጨማሪ ስንጠይቅ አልተከለከልንም፤ ሆኖም ያመጡልን ያንኑ ስሱን ነው፤ ሁለት ስስ ብርድ ልብስ ተደርቦ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ እንደማይሆን በዚያች ሌሊት በሚገባ ተረድተናል።

በማግሥቱ ወደ ድንጋዩ ጎጆ እንድንዛወር ስንጠይቅ የቤቱ እመቤት አንገራገሩ። «እሱ እንኳ የገጠር ቤት ነው፣ ለእናንተ አይሆንም፤ ሰው ምን ይለኛል» አሉ። ልዩነቱ ግን ማታውኑ ታወቀ። የጎጆው ግድግዳ ክንድ የሚያህል ውፍረት አለው፤ ድንጋይና ጭቃ ቀኑን ሙሉ ቀስ ብሎ ይሞቅና ሌሊቱን ሙሉ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፣ የሣሩ ክዳንም በውስጡ ብዙ አየር ስለሚይዝ ሙቀቱን በቀላሉ አያሳልፍም። መስኮት የሚባለው የእንጨት መዝጊያ ያላት ትንሽ ቀዳዳ ነው። በግድግዳው ዙሪያ በተሠራው መደብ ላይ ቁርበት፣ በቁርበቱ ላይ ፍራሽ፣ ከሁሉም በላይ ከደጋው የመጣ የበግ ጠጉር ባና ተነጥፏል። ባናው ይከብዳል፤ ገላ ሲነካ ይኮሰኩሳል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከናነቡትም የበግ ሽታው አፍንጫን ይሞላል። ጋቢ ከሥር፣ ባና ከላይ አድርጎ ለተኛ ሰው ግን የታኅሣሥ ሌሊት አንዳች አያደርገውም። ዓርብ ማታ ጃኬቷን ሳታወልቅ ያደረችው ጓደኛዬ ቅዳሜ ሌሊት ካልሲዋን አውልቃ ነው የተኛችው፤ ጠዋትም ለመነሣት የመጨረሻዋ እሷ ነበረች።

አዲሶቹን ጎጆዎች ለማስተካከል የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ማድረግ፣ የጣውላውን ክፍተት መድፈን፣ ለመስታወቱ ወፍራም መጋረጃ መስቀልና ባናውን ወደዚያም ማውረድ ይበቃል። አሁን ባለው ሁኔታ ገንዘቡ በመስታወቱ አልቆ ለኮርኒሱ ሳይተርፍ የቀረ ይመስላል፤ እንግዳም የበለጠ ከፍሎ የበለጠ ይበርደዋል። የአካባቢው ሽማግሌዎች ለዘመናት የኖሩበትን ቤት «ለእናንተ አይሆንም» ብሎ ዝቅ አድርጎ ማቅረቡ ደግሞ፣ ቤቱ ያለውን ዋና ሀብት አለማወቅ ነው።

የከሰሉ ነገር ግን የምቾት ጉዳይ ስላልሆነ በቀላሉ የማልፈው አይደለም። ዓርብ ማታ ብርዱን ስናማርር የሰማ አንድ ወጣት አስተናጋጅ፣ የተፋፋመ ከሰል የሞላ ማንደጃ አምጥቶ አልጋችን አጠገብ አኖረና በሩን ጥርቅም አድርገን እንድንተኛ መከረን። አሳቢነቱ ጥሩ ነው፤ ምክሩ ግን ሰው ይገድላል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ሲሆን፣ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ከሰሉ ጭሱን ከጨረሰና ፍም ከሆነ በኋላ አይጎዳም የሚለው በየቤቱ የሚነገር አባባል ትክክል አይደለም፤ ጭሱ መጥፋቱ ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለምና። በጣውላው ጎጆ ክፍተቱ ጥቂት ሊያተርፍ ይችል ይሆናል፤ መስኮቷ ትንሽ በሆነችው፣ ግድግዳዋ በተመረገችው የድንጋይ ጎጆ ውስጥ ግን አደጋው የባሰ ነው። ማንደጃውን ከመተኛታችን በፊት አስወጣነው፤ ጠዋት ለባለቤቱ ስንነግራቸው «እንግዳ ሁሉ አምጡልኝ ይላል፣ ምን ላድርግ?» አሉ። እንግዳ መጠየቁ መልስ ሊሆን አይችልም። ከሰል ወደ መኝታ ክፍል እንዳይገባ መከልከልና በምትኩ የሞቀ ውኃ በጎማ ከረጢት ማቅረብ ወጪው ከአንድ ጆንያ ከሰል አይበልጥም። እሳት መሞቅ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ወጥ ቤቱ አጠገብ ጎኑ ክፍት የሆነ ዳስ አለ፤ ማታ ማታ እዚያ ጉቶ ይነድዳል፣ እንግዳውም ቤተሰቡም ዙሪያውን ይቀመጣል። ከቤቱ ክፍሎች ሁሉ የወደድኩት ይህን ክፍል ያልሆነውን ክፍል ነው።

ስለ ውኃ ሲነሣ ማማረርም ማመስገንም ይገባኛል። በስልክ «ሙቅ ሻወር አለ» ተብሎ የተነገረን፣ ተዳፋቱ ላይ ከተቀመጠ ጥቁር ሮቶ የሚወርድ ፀሐይ ያሞቀው ውኃ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ በእርግጥም ለገላ ይመቻል፤ ጠዋት ግን ከወንዙ ውኃ አይለይም፤ ይህንንም አስቀድሞ የሚናገር የለም። በአንጻሩ ጓደኛዬ ሙስሊም በመሆኗ ቅዳሜ ንጋት ላይ ለሱብሂ ሶላት ስትነሣ፣ በሩ ደፍ ላይ በአሮጌ ፎጣ የተጠቀለለ ማንቆርቆሪያ አገኘች፤ ክዳኑን ስትከፍተው ለብ ያለ ውኃ ነበረበት። ያዘዘ ሰው የለም። ዘበኛው አባት ማታ ቂብላው በየት በኩል እንደሆነ ስትጠይቃቸው ሰምተው፣ ለራሳቸው ውዱእ ውኃ ሲያሞቁ ለእርሷም ጨምረው ኖሯል። ስታመሰግናቸው «አብሽሪ ልጄ፣ እሳቱ እንደሆነ አንድ ነው» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

የድንጋዮቹ ጎጆዎች መጸዳጃ ቤት ውጭ ነው፤ የጋራ ነው፤ በየጊዜው ስለሚጠረግና ውኃ ስለማይጠፋበት ንጽሕናው አያስከፋም። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ግን ደረጃው ያልተስተካከለ ከመሆኑም በላይ ሌሊት መብራት የለውም። የቤቱ መብራት ከሶላር የሚመጣ በመሆኑ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይደክማል፤ ስለዚህ ባትሪ ሳይዙ መምጣት አይገባም። ለብቻቸው ለሚሄዱ ሴቶች ማወቅ የሚገባውን ልንገር፦ በሮቹ ከውስጥ ጠንካራ መቀርቀሪያ አላቸው፣ ዘበኛውም ሌሊቱን ነቅተው ያድራሉ፤ በዚህ በኩል አንዳች ሥጋት አልተሰማንም። ስልክ የሚሞላው በወጥ ቤቱ በኩል ብቻ ነው።

ምግቡ ቤቱ ከምንም በላይ የሚመሰገንበት ነው። ወቅቱ የገና ጾም ስለነበር እኔ ጾመኛ ነበርኩ፤ ጓደኛዬ ደግሞ ሥጋ የምትበላው የሙስሊም እርድ ሲሆን ነው። እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች አንድ ማዕድ መቅረባቸው በወሎ ብርቅ አይደለምና እመቤቲቱ ማን ምን እንደሚበላ አንድ ጊዜ ከጠየቁ በኋላ ዳግመኛ መናገር አላስፈለገንም። ለእኔ ሽሮ፣ ጎመን፣ ምስርና የተልባ ፍትፍት፣ ለእሷ ዘበኛው ያረዱት ዶሮ በየራሱ ድስት ተሠርቶ መጣ፤ የወጥ ማውጫው ጭልፋ እንኳ እንዳይለዋወጥ እጀታው ላይ ክር ታስሮበት አይቻለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ምግብ ቤት ማግኘት ቀላል አይደለም።

ከሐይቁ የመጣው ቆሮሶ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ዓሣው ሙሉውን ነው የሚቀርበው፤ ጎንና ጎኑ በቢላዋ ተነቅሶ፣ ጨውና በርበሬ በየንቅሱ ገብቶ፣ በጋለ ዘይት ቆዳው እስኪንኳኳ ይጠበሳል፤ ሲከፍቱት ውስጡ ነጭና እርጥብ ነው። ከአዋዜና ከሎሚ ጋር ይመጣል። በገና ጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናት ትቼ እኔ ከመብላት ተቆጠብኩ፤ ጓደኛዬም የእኔን ድርሻ ጭምር በደስታ ተረከበች። እንጀራው የጤፍና የማሽላ ድብልቅ ነው። ትኩስ ሲሆን ለስላሳና ጣፋጭ ነው፤ ማሽላ ግን ውሎ ሲያድር ስለሚደርቅ ጠዋት የተጋገረው ለራት ሲቀርብ ጠርዙ ይፈረፈራል። ለራት እንደገና ቢጋግሩ መልካም ነበር። ሌላው ጉድለት ሰዓት ነው፤ ራት «አሁን ይደርሳል» ከተባለ በኋላ ለረጅም ጊዜ አይደርስም፤ ሲደርስም ከሚበላው በላይ ይቀርብና «አፈር ስሆን፣ ይችን ብቻ» ይከተላል። የሚያሸንፋቸው እንግዳ ያለ አይመስለኝም።

ቡናው ጠዋት በዳሱ ሥር ይፈላል። ጤና አዳም ይገባበታል፤ በጨው ነው በስኳር የሚለውን ይጠይቃሉ፤ ከቆሎና ከንፍሮ ጋር እስከ በረካ ድረስ ሳይቸኩል ይዘልቃል፤ ሲጠናቀቅም ዘበኛው አባት ለቤቱም ለእንግዳውም ዱአ ያደርጋሉ። በረካውን ሳይጠጡ መነሣት በዚህ አገር ስለማያምር፣ እሁድ ጠዋት በጊዜ ለመሄድ ያሰበ ሰው ማታውኑ ቢናገር ቡናው ቀደም ብሎ ይቀራረብለታል።

ስለ ወንዙ አንድ የማስጠንቀቂያ ቃል ያስፈልጋል። ከጎጆዎቹ ዝቅ ብሎ ውኃው ተኝቶ የሚቆይበት ሰፊ ኩሬ አለ፤ አስተናጋጆቹም እንግዶች ገብተው እንዲዋኙ ያበረታታሉ። በኢትዮጵያ ወይና ደጋ ወንዞችና ሐይቆች ዳር ቢልሃርዚያ የታወቀ በሽታ ነው። ተውሳኩ ቀስ ብሎ በሚፈስ ውኃ ውስጥ በሚኖሩ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ያድግና ከእነርሱ ወጥቶ በሰው ቆዳ በኩል ይገባል፤ ለዚህም ውኃውን መጠጣት አያስፈልግም፣ እግርን መንከር ብቻ ይበቃል። ውኃው መጥራቱ ዋስትና አይሆንም። ቀንድ አውጣዎቹ የሚወዱት የተኛውን ውኃ እንጂ የሚንደረደረውን አይደለምና ኩሬው ከወንዙ ሁሉ የሚያሠጋው ቦታ ነው። በዚህ ውኃ የዋኘ ሰው ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት ወይም ሆድ ቁርጠት ቢሰማው ለሐኪሙ ይህንኑ ይናገር፤ በሽታው ፕራዚኳንቴል በሚባል መድኃኒት የሚታከም ነው። እኛ ዳሩ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጠን ፀሐይ ስንሞቅ ነው የዋልነው፤ ለዚህ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ጓደኛዬ ሹራብ ትሠራለች፣ እኔ አነብባለሁ፤ አልፎ አልፎ እረኞች ከብቶቻቸውን ሊያጠጡ ይወርዱና ሰላምታ ሰጥተው ያልፋሉ። ስለ ድሮ መምህሮቻችን፣ ስላገቡትና ስለተሰደዱት የክፍላችን ልጆች ያላወራነው የለም።

ይህ ጸጥታ ቅዳሜ ማታ ተቋረጠ። ከከተማ የመጡ ወጣቶች ትልቅ ስፒከር ይዘው አንዱን አዲስ ጎጆ ተከራዩ፤ ጭፈራው እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ዘለቀ። ወጣቶቹን አልወቅስም፣ ገንዘብ ከፍለው የመጡ ናቸው፤ የምወቅሰው ቤቱን ነው፤ ድምፅ የሚቀነስበት ሰዓት አላወጣም፣ ስናመለክትም «ነገ ይሄዳሉ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረም። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በወሎ ቦታዎች ስም በሚጠሩበት አገር፣ ያውም ከአምባሰል ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ ማሲንቆ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሰሙ በስፒከር መደንቆር ያስቆጫል። በድንጋዩ ጎጆ ውስጥ መሆናችን በዚህም ጠቀመን፤ ግድግዳው ብርዱን ብቻ ሳይሆን ጩኸቱንም ይቀንሳል።

በአቅራቢያው የሚጎበኘው ብዙ ነው። የሐይቅ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር የሚበልጥ፣ በተራሮች የተከበበ ሲሆን፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሳይነሣ ጠዋት ላይ በጀልባ መዞር ይሻላል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት በነበረ፣ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር በተያያዘ ቦታ ላይ ይገኛል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ታላቅ የትምህርት ማዕከል ነበር። ሴቶች ወደ ገዳሙ ስለማይገቡ እኛ በሐይቁ ዳር ብቻ ነው የቆየነው፤ ጎጆዎቹ ያቀረቡልን አስጎብኚ ልጅም ይህን የነገረን እዚያ ከደረስን በኋላ ነው። ወደ ሰሜን ለሚቀጥል ሰው የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመበት ይስማ ንጉሥ ውጫሌ አካባቢ ነው፤ የውሉን 17ኛ አንቀጽ ውዝግብ በትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ ቦታውን ቢያየው አይጸጸትም።

ከደሴ እስከ ሐይቅ ያለው መንገድ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ሲሆን ሚኒባስ በየጊዜው አለ፤ ከዚያ ወዲያ ባጃጅ ኮንትራት መያዝ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ይጓዛል፣ ወይም በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ወርዶ የሐረጎን ዳገት ይወጣል። የመንገዱን ሰላም ከመነሣት በፊት ዘመድ ወይም ሹፌር ጠይቆ ማረጋገጥ ደግሞ በዚህ ዘመን የማይታለፍ ነው።

ክፍያውን በተመለከተ ቀብድ በቴሌብር ይላካል፤ ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ቀሪው በጥሬ ገንዘብ ቢያዝ ይሻላል። የጎጆዎቹ ዋጋ ደሴ ላይ ከአንድ መካከለኛ ሆቴል ብዙም አይርቅም፤ የምግቡ ደግሞ ከዚያ ያነሰ ነው። ቀብዱ እንደማይመለስ ግን የሚነገረው ከተከፈለ በኋላ ነው። ወደ ርካሹ ጎጆ ስንዛወር ልዩነቱን በገንዘብ ሊመልሱልን አልፈለጉም፤ ከብዙ ንግግር በኋላ በምግብ ሒሳባችን ላይ አካካሱት፤ የሰጡንም ደረሰኝ ማኅተም የሌለው፣ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነው። በመሥሪያ ቤት ስም የሚመጣ ሰው ይህን አስቀድሞ ይነጋገርበት። የድንጋዮቹ ጎጆዎች ጥቂት ናቸው፤ ፎቶግራፋቸውም አይላክም፤ ስለዚህ የሚደውል ሰው «ከላይ ያሉትን፣ ባና ያለባቸውን» ብሎ ለይቶ መጠየቅ አለበት፤ በጥር፣ ለጥምቀት ሰሞን ከሆነ ደግሞ ከገና በፊት ቢደውል ይሻለዋል።